አንድ ቀን ጨዋታ፥ አንድ ቀን ማዕድ፦ የቪዲዮ ጨዋታና የደቡብ ኮሪያ ወጣቶች ታሪክ

የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፥ ከ2,400 ዓመታት በፊት ባዘጋጀው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሊድያ ሰዎች አንድ የማይረሳ ታሪክ አስፍሯል። ሊድያ በታናሽ እስያ፥ በዛሬዪቱ ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል የነበረች መንግሥት ናት። እንደ ሄሮዶቱስ አተራረክ፥ በንጉሥ አቲስ ዘመን በምድሪቱ ላይ ጽኑ ራብ ገባ። ሕዝቡ ለጊዜው ችሎት ኖረ፤ ራቡ አልነሣ ሲል ግን መላ መፈለግ ያዘ። የዕጣ ጠጠርን፥ የአጥንት ጨዋታንና የኳስ ጨዋታን ፈለሰፈ፤ ሥርዓትም አበጀለት። ይኸውም፥ አንዱን ቀን የመብል አሳብ እንዳይመጣበት ከጧት እስከ ማታ ይጫወታል፤ በማግስቱ ጨዋታውን አቁሞ ይበላል። በዚህ አኳኋን 18 ዓመት ኖረ ይባላል።

ታሪኩ በእርግጥ የተፈጸመ መሆኑን የዘመናችን ሊቃውንት አጥብቀው ይጠራጠራሉ። ዳሩ ግን እውነት ቢሆን ተረት፥ በውስጡ ያለው ቁም ነገር አላረጀም። ሰው የሚጫወተው ሲጠግብ ብቻ አይደለም፤ ሲርበውም ይጫወታል። ራቡም የግድ የሆድ ራብ መሆን የለበትም። የዕረፍት ራብ አለ፤ የወዳጅ ራብ አለ፤ «ደግ ሠራህ» የመባል ራብ አለ። ዛሬ አንድ ወላጅ ልጁ በኮምፒዩተር ፊት ተተክሎ ሲያድር አይቶ «ይህ ጥጋብ ነው» ሲል፥ በእውነቱ ያየው ራብ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዳይ በአንዲት አገር ታሪክ ላይ ተመርኩዞ መመርመር ነው። አገሪቱም ደቡብ ኮሪያ ናት። ደቡብ ኮሪያ የተመረጠችበት ምክንያት የወጣቶች የቪዲዮ ጨዋታ ሱስ ቀድሞ ከታየባቸውና የመላው ኅብረተሰብ መነጋገሪያ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ፥ ከዚያም አልፎ መንግሥቷ ነገሩን በሕግ ለመግታት ሞክሮ ውጤቱን ስላየው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ጨዋታውና ፍርሃቱ

የቪዲዮ ጨዋታ ዕድሜው አጭር ነው። በ1958 ዊልያም ሂጊንቦታም የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ፥ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ፥ ለጉብኝት የሚመጣው ሕዝብ እንዳይሰለች ብሎ በአንድ የመለኪያ መሣሪያ መስታወት ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠራ። በ1972 አታሪ የተባለው ኩባንያ «ፖንግ» የተሰኘውን ጨዋታ በሳንቲም በሚሠራ ሣጥን አድርጎ ለገበያ አቀረበ። በ1978 ደግሞ የጃፓኑ የታይቶ ኩባንያ ባልደረባ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የደረሰው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ከጃፓን ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ።

ከጨዋታው ጋር ፍርሃቱም አብሮ ተወለደ። በ1981 ጆርጅ ፎክስ የተባሉ የብሪታንያ ምክር ቤት አባል፥ ወጣቱ በዚህ ጨዋታ ሱስ ተይዟል፥ ከትምህርት ቤት ይቀራል፥ ምግቡን ይተዋል፥ ስለዚህ ሣጥኖቹ በየአካባቢው ባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ እንዲተከሉ ይደረግ የሚል የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ድምፅ ሲሰጥ 94 ደግፈው 114 ስለተቃወሙ ረቂቁ ወደቀ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የረቂቁ ዓላማ ሣጥኑን መቆጣጠር መሆኑ ነው። ልጁ ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ከምን ሸሽቶ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ ጊዜና ሌላ አገር ይጠብቅ ነበር።

፪. ከጦርነት ፍርስራሽ እስከ ፈተና አዳራሽ

ደቡብ ኮሪያ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አይደለችም። በሜይ 1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ከመርከብ የወረደው በቡሳን ወደብ ነበር። ያን ጊዜ ቡሳን በስደተኛ የተጨናነቀች፥ ጎስቋላ ከተማ ነበረች። በ1953 የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈርሞ ጦርነቱ ሲቆም፥ አገሪቱ ከሁለት እንደተከፈለች ቀረች፤ ደቡቡም ፍርስራሽ እንጂ የሚላስ የሚቀመስ የሌለው ምድር ሆነ።

የከርሰ ምድር ሀብት እምብዛም ያልነበረው ይህ ሕዝብ ተስፋውን የጣለው በልጆቹ አእምሮ ላይ ነው። የመሬት ይዞታው መሻሻልና ጦርነቱ የቀድሞዎቹን ባለርስቶች ኃይል አዳክመውት ስለነበር፥ ለባለጸጋውም ሆነ ለድሃው ልጅ የቀረው የማደጊያ መሰላል ትምህርት ነበር። ገበሬው በሬውን ሸጦ ልጁን አስተማረ። በ1945 አገሪቱ ከጃፓን ቅኝ አገዛዝ ነፃ ስትወጣ ከአራት ሰው አንዱ እንኳ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በ2008 ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከፈጸሙት ከ100 ተማሪዎች መካከል ከ80 የሚበልጡት ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ በማናቸውም ሚዛን ቢመዘን ታላቅ ድል ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው በአንድ መሰላል ሲወጣ መሰላሉ ይጨናነቃል። በሴኡል የሚገኙት ጥቂት ስመ ጥር ዩኒቨርስቲዎች የሚቀበሉት ሰው ቍጥር የተወሰነ ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው ግን እጅግ ብዙ ነው። ከ1993 ጀምሮ የዚህ ሁሉ ሰው ዕድል በአብዛኛው የሚመዘነው «ሱንንግ» በሚባለው አገር አቀፍ ፈተና ሆነ። ፈተናው በኖቬምበር ወር በአንድ ቀን ይሰጣል። በዚያ ቀን መንገዱ በተሽከርካሪ እንዳይጨናነቅ የአክሲዮን ገበያው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል፤ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ጊዜም ድምፅ እንዳይረብሽ አይሮፕላኖች እንዳይነሡና እንዳያርፉ ይደረጋል። ሰማዩ እንኳ ዝም የሚልለት ፈተና በአንድ የ18 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ለዚህ ቀን የሚደረገው ዝግጅት በትምህርት ቤት ብቻ አይወሰንም። ተማሪው ከመደበኛው ትምህርት በኋላ «ሃግዎን» ወደሚባለው፥ በክፍያ ወደሚያስጠናው የግል ትምህርት ቤት ይሄዳል። መንግሥት ይህን ጫና ለመቀነስ ያደረገው ሙከራ ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። በ1980 ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ቹን ዱ ሁዋን ወታደራዊ ቡድን የግል ማስጠናትን በትእዛዝ ከለከለ። ማስጠናቱ ግን በድብቅ ቀጠለ፤ ክልከላውም ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ በ2000 በሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ተሻረ። ኋላም የሴኡል ከተማ አስተዳደር ሃግዎኖች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ ወሰነ፤ ይህም ገደብ በ2009 በዚያው ፍርድ ቤት ጸና። አንድ ሕፃን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳይማር በሕግ መከልከል ያስፈለገበት አገር፥ ስለ ልጆቹ ሕይወት በራሱ አንደበት መስክሯል ማለት ይቻላል።

፫. የ1997ቱ ቀውስና የኮምፒዩተር ቤቶች

የቪዲዮ ጨዋታው ማዕበል በዚህ በተጨነቀ ትውልድ ላይ የመጣው ከሌላ ጭንቀት ጋር ተደርቦ ነው። በ1997 መገባደጃ ላይ በእስያ የተነሣው የገንዘብ ቀውስ ደቡብ ኮሪያን መታት፤ በኖቬምበርም መንግሥቷ የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት ርዳታ ለመጠየቅ ተገደደ። ታላላቅ ኩባንያዎች ወደቁ። ዕድሜ ልኩን በአንድ መሥሪያ ቤት አገለግላለሁ ብሎ የኖረው አባት ከሥራው ተሰናበተ።

ከሥራ ከተሰናበቱት መካከል አንዳንዶቹ በእጃቸው በቀረችው ገንዘብ ኮምፒዩተሮች ገዝተው «ፒሲ ባንግ» የሚባሉ ቤቶችን ከፈቱ። ትርጓሜውም የኮምፒዩተር ክፍል ማለት ነው። በዚያው ወቅት መንግሥት አገሪቱን ከቀውሱ ለማውጣት ፈጣን የኢንተርኔት መስመር በየከተማው እንዲዘረጋ ያበረታታ ነበር። በማርች 1998 ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስታርክራፍት» የተሰኘውን የጦርነት ጨዋታ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኤንሲሶፍት የተባለው የኮሪያ ኩባንያ «ሊኔጅ»ን አስከተለ። የጃፓን የባህል ውጤቶች ለረጅም ጊዜ ተከልክለው በመኖራቸው በቴሌቪዥን ላይ የሚሠሩት የጃፓን የጨዋታ መሣሪያዎች በአገሪቱ ሥር አልሰደዱም ነበር፤ ሜዳው ለኮምፒዩተር ክፍት ነበር። ስለሆነም ከ1997 በፊት በጣት የሚቆጠሩት ፒሲ ባንጎች በ2001 ከ20,000 በላይ ሆኑ።

እነዚህ ቤቶች ለወጣቱ ምን ሰጡት? ክፍያው በሰዓት 1,000 ዎን ገደማ ስለነበር የተማሪ ኪስ ይችለው ነበር። በጠባብ የፎቅ ቤት የሚኖር ልጅ ጓደኞቹን የሚሰበስብበት ቦታ የለውም፤ እዚያ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሳሳቃሉ፥ ይከራከራሉ፥ ትኩስ የፓስታ ሾርባቸውን ይበላሉ። ከሁሉም በላይ ጨዋታው ከፈተናው ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሕግ አለው። በፈተናው አንድ ጊዜ የወደቀ ሌላ ዓመት ይጠብቃል፤ በጨዋታው የወደቀ ወዲያው ይነሣል። ትምህርት ቤት ለድካሙ ዋጋ የሚከፍለው ከ12 ዓመት በኋላ ነው፤ ጨዋታው ግን በየደቂቃው ይከፍላል። በ1998 በለንደን የተደረገ ጥናት፥ ሰው የቪዲዮ ጨዋታ ሲጫወት ከደስታና ከጉጉት ጋር የተያያዘው «ዶፓሚን» የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እንደሚለቀቅ አሳይቷል። ይህ ማለት ጨዋታው ደስታን የሚሰጠው በሥጋም ጭምር ነው ማለት ነው።

በጨዋታዎቹ መካከልም ልዩነት ነበር። የ«ስታርክራፍት» ግጥሚያ መጨረሻ አለው፤ አንዱ ያሸንፋል፥ ሌላው ይሸነፋል፥ ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የ«ሊኔጅ» ዓለም ግን አይዘጋም። ተጫዋቹ ተኝቶ ሲያድር እንኳ ዓለሙ ይቀጥላል፤ የማኅበሩ ባልደረቦች ይጠብቁታል፤ የቀረ እንደሆነ ወደ ኋላ ይቀራል። ጨዋታው በዚህ ጊዜ የሸሹትን ውድድር መምሰል ይጀምራል።

ሁሉም ነገር ጥፋት እንዳልነበረም መመስከር ይገባል። ጨዋታው ባለሙያዎችን፥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችንና ታላላቅ ውድድሮችን አፈራ። የቃኘው ሻለቃ በወረደባት በዚያችው በቡሳን ከተማ፥ ከ53 ዓመታት በኋላ፥ በጁላይ 2004 በግዋንጋሊ የባሕር ዳርቻ የተደረገውን የ«ስታርክራፍት» ፍጻሜ ለማየት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደተሰበሰበ ተነግሯል። ስንቅና ስደተኛ ያራገፈው ባሕር ዳር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የጨዋታ አደባባይ ሆነ።

፬. በእኩለ ሌሊት የሚዘጋው በር

ጥላውም ከብርሃኑ ጋር መጣ። በኦገስት 2005 በዴጉ ከተማ አንድ የ28 ዓመት ሰው ለ50 ሰዓታት ያህል በአንድ ፒሲ ባንግ ውስጥ ያለ በቂ ዕረፍት ሲጫወት ቆይቶ ሞተ። በ2009 በሱዎን ከተማ አንዲት የሦስት ወር ሕፃን በራብ ሞተች፤ ወላጆቿ በየሌሊቱ ወደ ፒሲ ባንግ እየሄዱ በጨዋታ ዓለም ውስጥ ሌላ ምናባዊ ልጅ ያሳድጉ ነበር። ነገሩ በ2010 ሲገለጥ አገር ደነገጠ። በሊድያ ታሪክ ጨዋታው ራብን ለማስረሳት መጣ፤ በሱዎን ግን የገዛ ልጅን ራብ አስረሳ። ሱስ ማለት ይህ ነው፤ ማስታገሻው ራሱ በሽታ ሲሆን።

እነዚህ ሁለቱ ከሚሊዮኖች ተጫዋቾች መካከል የተነጠሉ መራር ታሪኮች ናቸው። ደግሞም ሁለቱም የአዋቂዎች፥ ሥራ የሌላቸው ሰዎች ታሪኮች እንጂ የተማሪዎች አልነበሩም። ሆኖም የሕዝቡ ድንጋጤ ያረፈው በልጆች ላይ ነው። በኤፕሪል 2011 ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ከኖቬምበር 20 ቀን 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህም ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ የኢንተርኔት ጨዋታ እንዳይጫወት ተከለከለ። ሕዝቡ በተረቱ ውስጥ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሠረገላዋ ዱባ የሚሆንባትን ልጅ አስታውሶ «የሲንደሬላ ሕግ» አለው።

አሁን የአንድ የሴኡል ተማሪን ምሽት እናስላ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሃግዎኑ ይዘጋል። ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ፒሲ ባንግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዳያስተናግድ ሕግ ይከለክላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደግሞ በቤቱ ያለው ጨዋታ ይዘጋል። እንግዲህ ለዚህ ልጅ ከ24 ሰዓት ውስጥ የራሱ ሆና የቀረችለት የሁለት ሰዓት ጊዜ ናት፤ መንገዱንም፥ እራቱንም፥ የቤት ሥራውንም የሚያደርገው በእርሷ ነው። ሕግ አውጪው የሁለት ሰዓቱን መውጫ በር አየና ዘጋው፤ የሃያ ሁለቱን ሰዓት ቤት ግን አልፈተሸውም።

ሕጉን የሚቃወሙ ወገኖች ክስ ቢያቀርቡም በ2014 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አጸናው። በሥራ ላይ ሲታይ ግን ሕጉ ወንፊት ሆነ። ልጆች በወላጆቻቸው የመታወቂያ ቍጥር እየገቡ ተጫወቱ። የእጅ ስልክ ጨዋታዎች በሕጉ ስላልተካተቱ፥ ጨዋታው ከጠረጴዛ ወርዶ ወደ ኪስ ገባ፤ ከኪስም ወደ ብርድ ልብስ ውስጥ። በ2021 ደግሞ «ማይንክራፍት» የተሰኘው፥ ልጆች በጡብ ቤት የሚሠሩበት ሰላማዊ ጨዋታ፥ ለሕጉ ሲባል በአገሪቱ ለአዋቂዎች ብቻ የተፈቀደ ሊሆን በቃ። በኦገስት 25 ቀን 2021 መንግሥት ሕጉን እንደሚሽር አስታወቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ቀረ።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የሚገርም አጋጣሚ ያዘጋጃል። ኮሪያ በሩን ልከፍት ነው ባለች በአምስተኛው ቀን፥ በኦገስት 30 ቀን 2021፥ ጎረቤቷ ቻይና በሩን ይበልጥ አጠበበችው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ በዓርብ፥ በቅዳሜ፥ በእሑድና በበዓላት ቀን ብቻ፥ ያውም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለአንዲት ሰዓት እንዲጫወት ወሰነች። አንዱ ጎረቤት የአሥር ዓመት ልምዱን ይዞ ሲመለስ፥ ሌላው በዚያው መንገድ ጉዞውን አፋጠነ።

፭. ነገርን ከሥሩ

በዚህ ሁሉ ላይ ሱሱ የለም ማለት ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በሜይ 2019 የጨዋታ ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብተው ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል አድርገዋል። መለኪያውም የሰዓት ቍጥር አይደለም። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲሳነው፥ ጨዋታው ከሌላው የኑሮው ፍላጎት ሁሉ ሲቀድምበት፥ ጉዳቱ እየታየውም መተው ሲያቅተው፥ ይህም ሁኔታ በአብዛኛው 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ከሥራና ከጥናት በኋላ ለመዝናናት የሚጫወተው ብዙኃኑ ወጣት ከዚህ ውጭ ነው። ታማሚው ግን አለ፤ ርዳታም ይገባዋል።

ርዳታው ምን መምሰል እንዳለበት ራሷ ኮሪያ ፍንጭ ሰጥታለች። በ2007 በመንግሥት ድጋፍ ለተጠቂ ልጆች በተከፈተው ሰፈር ኮምፒዩተር ተከልክሏል፤ ነገር ግን በባዶ እጅ አልተተዉም። ፈረስ ጋለቡ፥ ሸክላ ሠሩ፥ ከበሮ መቱ፥ በጋራ ውለው በጋራ በሉ። ከእጃቸው ጨዋታ ተወስዶ በምትኩ ጨዋታ ተሰጣቸው። በ2019 የታተመና ኮሪያውያን ታዳጊዎችን ለዓመታት የተከታተለ አንድ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል፤ የትምህርት ጭንቀት የልጁን ራስን የመግዛት ኃይል እየሸረሸረ፥ ይህም በተራው ወደ ሱሱ እንደሚገፋው አሳይቷል። እንግዲህ «አትጫወት፥ አጥና» የሚለው ቍጣ ብቻውን ሲሆን፥ እሳትን በቅቤ ለማጥፋት እንደመሞከር ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው። በእኛም ከተሞች በየሠፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ተከፍተዋል፤ በየልጁም እጅ ስልክ ገብቷል። ወላጅ በሩን አንኳክቶ «አጥፋው» ማለቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከማጥፋቱ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ልጁ ማሽኑን አጥፍቶ ቀና ሲል የሚያየው ምንድን ነው? የሚያናግረው ሰው አለ? የሚሮጥበት ሜዳ አለ? ወድቆ የሚነሣበት ሁለተኛ ዕድል አለ?

ወደ ሊድያ ሰዎች እንመለስና እናብቃ። የሄሮዶቱስ ታሪክ በጨዋታው አላለቀም። 18 ዓመት ሙሉ አንዱን ቀን እየተጫወቱ ሌላውን ቀን እየበሉ ቢኖሩም ራቡ ጸናባቸው። በመጨረሻ ንጉሡ ሕዝቡን ከሁለት ከፍሎ ዕጣ አስጣለ፤ እኩሌታው በአገሩ ሲቀር፥ እኩሌታው ከልጁ ከቲሬኑስ ጋር በመርከብ ተሳፍሮ አዲስ ምድር ፍለጋ ሄደ። ጨዋታው ሕዝቡን እስከዚያች ቀን አቆየው፤ ከራቡ ያወጣው ግን ጨዋታው አልነበረም፤ ራብ መኖሩን አምኖ ቍርጥ ውሳኔ ያደረገው ንጉሥ ነው። በነዚያ ዓመታትም ቢሆን ሊድያውያንን በሕይወት ያኖራቸው ከጨዋታው ቀን ቀጥሎ የማዕዱ ቀን መምጣቱ ነው። ለዛሬው ወጣት የጨዋታውን ቀን ስንቆጥርበት፥ የማዕዱን ቀን ማዘጋጀት የማን ፋንታ እንደሆነ አብረን መጠየቅ ይገባናል።